ከጉልላቱ የበለጠ ምሰሶ

ዕንባቆም ጠዋት ቢሮ ሲገባ እንኳ ከሥራ የሚወጣ ሰው ይመስላል። ማራኪ በሚባለው የዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ አንድ ቢሮ እንጋራለን። ሥራው ኔትወርክ መንደፍ ስለሆነ፣ የሰፈሩ ሰው ስልኩ እምቢ ባለ ቁጥር እሱን ነው የሚወቅሰው።

ያለፉትን ሁለት ዓመታት የበላበት ግን ሌላ ነገር ነው። ሚስቱ ለተ ማርያም አዋላጅ ነርስ ናት። አንድ ክረምት፣ ምጥ የያዛትን ሴት ከደንቢያ ሜዳ፣ ከኮላ ድባ የጫነ አምቡላንስ የከተማው መግቢያ አዘዞ ላይ በባጃጅና በጭነት መኪና መሐል ተቀርቅሮ ቆየ። ሴትዮዋ ሆስፒታል ስትደርስ ልጁ ሞቶ ነበር። ለተ ማርያም ቤት ገብታ «ምናለ መምጣቷን ቀድመን ባወቅን!» አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ዕንባቆም በማግስቱ ንድፉን ጀመረ። አምቡላንሱ ከኮላ ድባ ሲነሳ የት እንደደረሰ በሬዲዮ ይናገራል፤ አዘዞ ያለው ትራፊክ ፖሊስና ማዋለጃ ክፍሉ እኩል ይሰማሉ፤ መንገዱም ቀድሞ ይከፈታል። ስልክ ዝናብ ሲመጣ ስለሚከዳ፣ የራሱ መስመር አስፈለገው። ለዚህ ደግሞ ሜዳውንም ከተማውንም የሚያይ ከፍታ ያሻል። ያገኘው አንድ ብቻ ነው፤ ከፀዳ መንደር በላይ አንድ ደብር ያለበት ኮረብታ።

በደብሩ ሰበካ ጉባኤ ውስጥ አባቱ መሪጌታ ኃይለ ጊዮርጊስ ከሠላሳ ዓመት በላይ ተቀምጠዋል። ስለዚህ ነገሩ ያለቀ መስሎን ንድፉን ይዘን አብረን ሄድን። ንድፉ የሬዲዮውን አንቴና ተሸክሞ በደወል ቤቱ ላይ የሚቆም፣ ከደብሩ ጥዶች በላይ የሚያይ ረጅም የብረት ምሰሶ ነው። አንድ የጉባኤው ሽማግሌ አዩት፣ አዩትና፣

«ምነው ልጄ፣ ይኸ ብረት ከጉልላቱ መስቀል በለጠሳ!» አሉ።

እውነትም በልጧል። የመሪጌታ ልጅ፣ ቅኔ ማኅሌት ውስጥ ያደገ ሰው፣ ስንቱን ሲለካ ከመስቀሉ በላይ ምንም እንደማይቆም ረሳ! ከዚያ በኋላ የተናገርነው ሁሉ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነ። ምሰሶው ዝቅ ቢል ጥዱ ይጋርደዋል፤ የደብር ጥድ ደግሞ አይቆረጥም። መሪጌታ አንድ ቃል አልተነፈሱም። ለገዛ ልጅ መሟገት ነውር መሆኑን ባውቅም ተናደድሁባቸው።

ወራት ተመላለስን። ዕንባቆም ከሳ። ለተ ማርያም የት እንዳደረሰው መጠየቋን ተወች፤ አለመጠየቋ ደግሞ ይብስበት ነበር። «ደከመኝ፤ ይቅር» አለኝ አንድ ቀን። እኔም ደክሞኝ ስለነበር አልተከራከርሁትም። ንድፉን መልሰን ልንወስድ ለመጨረሻ ጊዜ ወደ ጉባኤው ስንሄድ ግን መሪጌታ ከወንበራቸው ተነሡ።

«ብናገር ለልጁ አደላ ትሉኛላችሁ፤ ብትሉም እውነት አላችሁ። ከዛሬ ጀምሮ ከጉባኤው ወጥቻለሁ። አሁን እንደ አንድ ምእመን ልናገር። በብረቱ ጫፍ ላይ መስቀል ብናቆምስ? ከሱ በላይ ምን ይኖራል? የደንቢያ ሰውም ከሜዳው ሆኖ ይሳለመው ነበር።»

ሽማግሌው ጥቂት አሰቡና «ሸጋ ነው» አሉ። ሌሎቹም ተስማሙ። መሪጌታን ግን ይቀመጡ ያለ የለም፤ ቃል ከአፍ ከወጣ ወጣ ነው።

መስቀል ነፋስ ይገፋዋልና ዕንባቆም ስሌቱን ሁሉ እንደ አዲስ ሠራ። ምሰሶው ቆመ። ዘንድሮ ክረምት፣ በከባድ ዝናብ፣ ምጥ የያዛት ሴት የጫነ አምቡላንስ አዘዞን ሳይቆም አለፈ። ለተ ማርያም ቢሮ ደውላ «ደረሰች! ሁለቱም ደኅና ናቸው!» ብላ ስትጮህ እኔም ሰማሁ።

ዕንባቆም ስልኩን ዘጋና ጠረጴዛው ላይ ተደፋ። ደስ አላለህም ወይ አልሁት።

«ደስ ብሎኛል» አለ። «አባዬ ግን እስካሁን ከቅዳሴ በኋላ ጥምጣማቸውን አስተካክለው ወደ ጉባኤው ቤት ይሄዳሉ። ከጉባኤው መውጣታቸው በሩ ላይ ሲደርሱ ነው ትዝ የሚላቸው።»

«ከዚያስ?»

«ከኋላ ደርሼ ክንዳቸውን እይዛለሁ። አብረን ወደ ቤት እንወርዳለን።»