የላላው ብረቱ አልነበረም

ሰዓት ሠሪው ደቂቃ ወሬውን የሰማው አጉሊ መነጽሩን ቀኝ ዓይኑ ላይ እንዳጣበቀ ነው። አንዲት ሴት በመሐረብ የተጠቀለለ ነገር በሱቁ መስኮት አቀበለችው። ሲፈታው የወዳጁ የኢንጅነሩ ሰዓት ነበር።

«ደግሞ ሰፋቸው?» አለ ቀና ሳይል። «ራሳቸው ለምን አልመጡም? ጡረታ ላይ ስንፍና ጨመሩበት እንዴ?»

«ጋሼ፣ አባዬ እኮ አርፏል» አለች። «ዛሬ ዘጠኝ ቀኑ።»

መነጽሩን ከዓይኑ ላይ አነሳ። ዘጠኝ ቀን! ተቀብረው፣ ለቀስተኛው መጥቶ፣ አልቅሶ፣ ወደየቤቱ ተመልሷል። ማንስ ይንገረው? ለዘመድ ይደወላል፤ ለድሮ መሥሪያ ቤት ይደወላል፤ ለሰዓት ሠሪ የሚደውል የለም።

«ነፍስ ይማር» አለ። በሩን ከፍቶ ወንበር ሳበላት።

ደቂቃ እናቱ ያወጣችለት ስም አይደለም። የመጣውን ደንበኛ ሁሉ «አንድ ደቂቃ ብቻ» እያለ ሰዓት ሙሉ ስለሚያስቀምጥ ሰፈሩ የለጠፈበት ነው። ለዚህ ደግሞ ምክንያት አለው። ውድ ሰዓት የገዛ ሰው ሰንሰለቱን ቶሎ አሳጥሮ መሄድ ይፈልጋል፤ እሱ ግን ከመንገድ የገባ እጅ አይለካም። «የሄደ እጅ ያብጣል፤ የበረደው እጅ ይሟሽሻል። መጀመሪያ ይረፍ» ይላል። እጁ ሲያርፍ በቀጭኗ ካቻቪቴ ብሎኗን ይፈታል። መቆለፊያው መሀል እንዲውል ሁለት የሰንሰለት ቁራጭ ሲያወጣ አንዱን ከላይኛው ጎን፣ አንዱን ከታችኛው ያወጣል። በመጨረሻ ትንሿን ጣቱን በሰንሰለቱና በደንበኛው እጅ መካከል ያስገባል። ጣቲቱ ሳትጨነቅ ከገባች ልኩ ያ ነው።

ሙያው ይህ ነው። ከሙያው ጀርባ ደግሞ ሌላ ነገር አለ፤ ባለቤቱ ከሞተች ወዲህ ከደንበኛ በቀር አብሮት የሚቀመጥ ሰው የለውም። የሚኖረው ከሱቁ በላይ ባለች አንድ ክፍል ነው። ሥራ ጨርሶ ሲወጣ ጠዋት የተወው ብርጭቆ፣ ጠዋት በተወው ቦታ ይጠብቀዋል።

ያ ሰዓት ኢንጅነሩ ጡረታ ሲወጡ ራሳቸው ለራሳቸው የሸለሙት ነው። «መሥሪያ ቤቱ የምስጋና ወረቀት ሰጠኝ፤ ወረቀት እጅ ላይ አይታሰር!» ይሉ ነበር። ሰንሰለቱን ሊያስተካክሉ መጥተው ወዳጅ ሆኑ። ከዚያ በኋላ ሐሙስ ሐሙስ ጋዜጣቸውን በብብታቸው ይዘው ከተፍ ይላሉ።

«አንተ ደቂቃ፣ ዛሬም አለህ?»

«እርስዎን ማን ይችልልኝ ብዬ ነው የምቆየው።»

ባለፈው ዓመት ሰዓቱ እጃቸው ላይ እየዞረ አስቸገራቸው፤ ደቂቃ ሁለት ቁራጭ አወጣ። በሦስተኛው ወር ደግሞ ሁለት። ጥቂት ቆይተው እንደገና መጡ። እየሳቁ ነበር፤ እጃቸውን ግን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ፊት ፊቱን ያዩታል።

«ቤት ያሉት ከሳህ፣ ከሳህ እያሉ ነዘነዙኝ። አንተ ባለሙያው ፍረድ እስቲ፤ እኔ ነኝ ወይስ ብረቱ?»

ደቂቃ ሰንሰለቱን በጎኑ ያዘው። የላላ ሰንሰለት በጎኑ ሲይዙት እንደ ደከመው ጅራት ቁልቁል ይወርዳል። የኢንጅነሩ ግን እንደ ማስመሪያ ቀጥ አለ። የእሱ ባለቤትም ከመሞቷ በፊት አንድ ሰሞን ቀለበቷ አልቆምላት ብሎ ክር ጠቅልላበት ነበር፤ የዚያን ነገር መጨረሻ አሳምሮ ያውቀዋል። ያም ሆኖ አፉ ቀደመው።

«ብረቱ ነው። ብረትም እኮ እንደ ሰው ያረጃል!»

«አላልኳችሁም!» አሉ ኢንጅነሩ፣ እዚያ የሌሉትን ቤተሰቦቻቸውን። ከዚያ ጋዜጣቸውን ዘረጉ። ደቂቃም ሐሙሱ ስላልተበላሸበት ደስ አለው።

አሁን ልጃቸው እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ሰዓቱን ልታደርገው ትፈልጋለች፤ በልኳ እንዲያደርግላት ነው የመጣችው። መጀመሪያ እጇን አሳረፈላት። ሲለካ፣ መውጣት ያለበት አንድ ቁራጭ ብቻ ሆነ። የአባቷ እጅ ከእሷ እጅ የሚበልጠው በአንድ ቁራጭ ነበር ማለት ነው። ሁለቱም አዩት።

ብሎኗን ሲያጠብቅ ሴትዮዋ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት? ሐኪም ቤት እንሂድ ስለው፣ ‹ብረቱ ነው የላላው፤ ባለሙያው ነግሮኛል› ይለኝ ነበር። እኔም እውነት መስሎኝ ተውኩት። አሁን ወንድሜ፣ ‹አንድ ቤት እየኖርሽ እንዴት አላየሽም?› ይለኛል። ብረት ግን እውነት ይላላል?»

«ይላላል» አለ ደቂቃ።

ውሸት አልተናገረም፤ ብረት ይላላል። ያኛው ብረት ግን አልላላም ነበር፤ ይህን የሚያውቅ ደግሞ ከእሱ በቀር ማንም የለም። ቢነግራት ሸክሙ ከእሷ ላይ ይወርድላታል። ወርዶ በማን ላይ እንደሚያርፍ ስላወቀ የጠበቀችውን ብሎን እንደገና አጠበቃት።

«እንግዲያው እርስዎ ልክ ነዎት» አለች። «ብረቱም ላልቷል፣ እሱም ከስቷል። ያላየሁት እኔ ነኝ።»

ደቂቃ ትንሿን ጣቱን በሰንሰለቱ ስር አስገባ። ሳትጨነቅ ገባች።

«ተመቸሽ?»

«ተመችቶኛል።»

«ከጠበበሽ ነይ» አላት እስከ በሩ ሸኝቷት። ቆየት ብሎ ደግሞ፣ «ባይጠብሽም ነይ» አለ። እሷ ግን መንገዱን ተሻግራ ነበር፤ የሰማችው አልመሰለውም።

በሥራ መዝገቡ ላይ ስልክ ቁጥሯ አለው። ሁለት ጊዜ ቁጥሩን ጀምሮ ስልኩን መልሶ አስቀምጧል። ከዚያ ወዲህ አምስት ሐሙስ አልፏል። ሴትዮዋ ጥፋቱ የእኔ ነው ብላ እንደተቀመጠች ናት፤ ደቂቃም ገና አልነገራትም።