የአያቴ ጸበል

እንጅባራ መናኸሪያ አጠገብ መካኒኩ የመኪናዬን ኮፈን ሲከፍት የጋለ ጎማና የእንፋሎት ሽታ ፊቴን መታኝ። እርጥቡን በጨርቅ አደራርቆ ጠብታው የሚመጣበትን በጣቱ ተከተለ። «የራዲያተሩ የውኃ ጎማ ደህና ነው፤ የተሰነጠቀው መጋጠሚያው ነው» ብሎ በአዲስ ለወጠው።

የአባቴ አሮጌ ፒክአፕም የሚያንጠባጥበው እዚያው ላይ ነበር። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ ከዳንግላ ወደ ግምጃ ቤት ከተማ የታመመች አያቴን ልንጠይቅ ስንሄድ ሞተሩ ፈላብን። አባቴ መጋጠሚያውን በአሮጌ የጎማ ካላማዳሪ ቁራጭ ጠፍሮ፣ ሞተሩ እስኪበርድ ውኃ ፍለጋ ወደ ወንዝ ወረደ። ቆየብኝ። ከኋላ ያለው ቢጫ ጀሪካን ጸበል እንደሆነ፣ አያቴም ሳምንት ሙሉ እሱን ስትጠብቅ እንደሰነበተች አውቃለሁ። «ትንሽ ብቻ» ብዬ ራዲያተሩ ውስጥ መጨመር ጀመርኩ፤ አንጠፈጠፍኩት።

አባቴ ባዶውን ጀሪካን አይቶ መኪናውን አስነሳ። ደርሰን ስነግራት አያቴ እጄን ያዘችኝ።

«አይዞሽ ልጄ። እናንተን ካደረሰልኝ፣ ጠጣሁት ማለት አይደል?»

ከንፈሯ ደርቆ ነበር። ሌላ ጸበል ሳይመጣላት አረፈች።

«እህቴ፣ ትንሽ ውኃ ይዘሻል?» አለኝ መካኒኩ።

ከአያቴ ጸበል ወዲህ መኪናዬ ውስጥ ውኃ አጥቼ አላውቅም። ሁለት ሙሉ ጀሪካን አወረድኩለት። ራዲያተሩን ሞልቶ የአንዱ ግማሽ ተረፈው።