መዶሻው፣ ምስማሩና የአሮጊቷ ጎን

የተጎዳ የአውቶቡስ ጎን ለማቃናት ሁለት ሰው ያስፈልጋል። አንዱ ከውጭ ሆኖ በመዶሻ ይመታል። ሌላው አውቶቡሱ ውስጥ ገብቶ፣ መቀመጫው በተነቀለበት ቦታ ተንበርክኮ፣ መዳፍ የሚያህል ወፍራም ብረት ከላሜራው ጀርባ ደግፎ ይይዛል። ሁለቱ አይተያዩም፤ የሚግባቡት በድምፅ ነው። ውስጥ ያለው ብረቱን ባንቀሳቀሰ ቁጥር "ቀና?" ይላል፤ ውጭ ያለው ዳበስ ያደርግና "ቀና" ወይም "አልቀናም" ብሎ ይመልሳል። በከተማው የአውቶቡስ ጋራዥ፣ የቦዲ ክፍል ውስጥ፣ ይህ ጥያቄና መልስ ከጠዋት እስከ ማታ ሲመላለስ ኖሯል።

ከውጭ የሚመታው መዶሻው ይባላል። ስሙን ያወጣለት ቀለም ቀቢው ነው፤ በጋራዡ ስም የማውጣት ሥልጣን የእሱ ብቻ ነበር። ከውስጥ የሚደግፈው የመዶሻው ሚስት ታናሽ ወንድም ሲሆን፣ ቀጭንና ረጅም ስለሆነ፣ ደግሞም መዶሻው ካለበት ስለማይጠፋ፣ ምስማር ተባለ። ምስማር ያደገው በእህቱ ቤት ነው። ሙያውንም የተማረው ከእህቱ ባል ነው፤ እስኪጎረምስም፣ ከጎረመሰም በኋላ፣ የሚተኛው እዚያው ሳሎን መስኮቱ ሥር ባለው አልጋ ላይ ነው።

ከጋራዡ ግድግዳ ማዶ ባዶ ሜዳ ነበር። መንግሥት ለፈጣን የመንገደኛ ባቡር በጀት ፈቀደ ተባለና ሜዳው በቆርቆሮ ታጠረ። ቆርቆሮው ሲነሳ ወለሉ ፊት የሚያሳይ፣ ጣሪያው ቀን ከሌት የሚያበራ የባቡር ጥገና አዳራሽ ቆሞ ተገኘ። ከግድግዳው ወዲህ ግን ጣሪያው እንደ ድሮው ያፈሳል፤ ዝናብ የጣለ እንደሆነ መዶሻው በባልዲዎች መሃል እየተሽሎከለከ ነው የሚሠራው።

ባቡሩ ቤት የቦዲ ሠራተኛ እንደሚፈልግ ማስታወቂያ ሲለጠፍ ሁሉም "ተመዝገብ እንጂ" አሉት።

"እኔ በዚህ ዕድሜዬ ፈተና ልቀመጥ?" አለ መዶሻው። "ያለሁበትን ያውቁታል። የሚለየን ግድግዳ ነው፤ ከፈለጉኝ ያንኳኩ።"

ምስማር ግን ሄዶ ተመዘገበ፣ ተፈተነ፣ አለፈ። ግድግዳውን ያንኳኳ ሰው የለም።

መዶሻው ከዚያ ወዲህ ውሃ የሚጠጣው በዛ። ቧንቧው አጠገብ፣ ግድግዳው ላይ፣ አንድ ብሎኬት ወልቆ ቀዳዳ ትቷል። በዚያ ቀዳዳ የባቡሩን ፉርጎ እንደ ሕፃን ብድግ የሚያደርገውን ማንሻ ያያል፤ እሱ እኮ ካርቶን አንጥፎ ነው አውቶቡስ ሥር የሚገባው። ግድግዳው ላይ እያንዳንዱ ቁልፍ የራሱ ማንጠልጠያ እንዳለው ያያል። ሠራተኞቹ እጃቸውን በሙቅ ውሃ ሲታጠቡ እንፋሎቱን ያያል። በጣም የሚያንገበግበው ይሄ እንፋሎት ነበር።

"ምን እያየህ ነው?" ይለዋል ቀለም ቀቢው።

"ቧንቧውን።"

"ቧንቧው በዚህ በኩል ነው፣ ወዳጄ።"

ቤትም እፎይታ የለም። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ ካውያ አያያዟን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ምስማር አዲሱን ሥራ ከጀመረ ወዲህ ሰማያዊውን የባቡር ኮትና ሱሪ ማታ ማታ ጠረጴዛው ላይ ትዘረጋለች፣ ውሃ ታርከፈክፍበታለች፣ የሱሪውን መስመር ሽንኩርት ይቆርጣል እስኪባል ድረስ ታወጣዋለች።

"የእኔስ ቱታ?" አለ አንድ ቀን መዶሻው።

"ቱታህ ምን ሆነ?"

"ምንም አልሆነም።"

"ዘይት የጠጣ ቱታ በካውያ ቢነካ ቤቱን ያቃጥልብናል። ይልቅ ታጠብና እራትህን ብላ።"

እራት ላይ ደግሞ ወሬው ባቡር ነው። "ሻይ ብታስቀምጪበት ጠብ አይልም ይላሉ፤ እውነት ነው?" ትላለች ወንድሟን።

"እውነት ነው እትዬ። ፍጥነቱ አይታወቅሽም።"

"ከቆመማ የእኔም አውቶቡስ ላይ ጠብ አይልም" ይላል መዶሻው ከሳህኑ ቀና ሳይል። እሷ ትስቃለች። ምስማርም ይስቃል። መዶሻው ግን ለሳቅ ብሎ አልነበረም የተናገረው።

አንድ ሰኞ የጋራዡ ኃላፊ ሁሉንም ሰብስቦ "ዘንድሮ ለእኛም በጀት ደርሶናል" አለ። መዶሻው ወዲያው ወደ ጣሪያው ቀና አለ። ማንሻውም ታየው፣ ሙቁ ውሃም ታየው።

"ለተለጣፊ ነው" አለ ኃላፊው።

"ለምን?"

"ለተለጣፊ ሥዕል። መንግሥት ገንዘቡን የፈቀደው አውቶቡሶቹ ሰውን ከየሰፈሩ እየለቀሙ ባቡር ጣቢያ እንዲያደርሱ ነው። ስለዚህ በየጎናቸው የፈጣኑ ባቡር ሥዕል ይለጠፋል።"

ከዚያ ቀለም ቀቢው "አሮጊቷ ላይም?" ሲል ሁሉም ፈነዳ። አሮጊቷ በጋራዡ ካሉት ሁሉ ያረጀችውና የተጎዳችው አውቶቡስ ናት፤ ዳገት ላይ እግረኛ ሲቀድማት ሹፌሯ እጁን አውጥቶ ሰላም ይላል። በጎኗ ፈጣን ባቡር ለጥፋ ስትሄድ ለሁሉም ታየቻቸው።

ኃላፊው ግን አልሳቀም። "ተለጣፊው ስስ ነው፤ እጥፋትም እብጠትም አይሸፍንም። የባቡሩ ሰዎች የሚሉት እንዲህ ነው፤ ከሁሉ የተጎዳችውን አሳዩን፣ እሷ ካለፈች ሌሎቹንም አምነን እንቀበላለን። ካላለፈች አውቶቡሶቹ ሁሉ ለቁርጥራጭ ብረት ይሸጣሉ፣ ባቡሩን የሚመግብ ሌላ መኪና ይፈለጋል።" ወደ መዶሻው ዞረ። "ያን ጊዜ የቦዲ ክፍሉ ይዘጋል። አንተም ወደ አውቶቡስ አጣቢዎቹ ነህ።"

"የሚመረምረው ማን ነው?"

"ቦዲ የሚያውቅ ሰው ይልካሉ።"

ባቡሩ ቤት ካሉት ውስጥ የአውቶቡስ ቦዲ የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ እንዳለ ለማንም መንገር አያስፈልግም ነበር።

"እንግዲህ" አለ ቀለም ቀቢው ብሩሹን እያራገፈ፣ "ምስማር መዶሻ ሊመታ ነው።"

ምስማር በዚያው ማታ እራት ላይ ጉዳዩን ራሱ አነሳው። "ጋሼ፣ እኔ እንድመጣ ታዝዣለሁ። ከዚያ በፊት ቅዳሜ ልምጣና ከውስጥ ልደግፍልህ?"

"አንተ ባቡርህን ደግፍ።"

"ብቻህን እንዴት ታደርገዋለህ?"

"አንተ ሳትወለድ እንዴት አደርገው ነበር?"

እንደ እውነቱ ከሆነ ያን ጊዜም ሌላ ደጋፊ ነበረው። ሚስቱ ይህን ታውቃለች፤ ግን ወንድሟንና ባሏን እያፈራረቀች አየችና ወጥ ጨመረችላቸው።

መዶሻው ብቻውን ሠራ። መደገፊያውን ብረት በጣውላና በክሪክ አስወጥሮ ከውስጥ አቆመው፣ ወጣ፣ መታ፣ ተመልሶ ገባ፣ ክሪኩን አዛወረ፣ ወጣ። የአሮጊቷ ቀኝ ጎን ከፊት በር እስከ ኋላ ጎማ ድረስ በዚህ ዓይነት ተስተካከለ፤ መስተካከሉም እውነተኛ መስተካከል ነበር። የቀረው ከኋላ ጎማው በላይ ያለው ሰፊ ላሜራ ነው። እሱን በያዘበት ቀን ማዶ ባቡሩ ለሙከራ ሊወጣ ኖሮ ጡሩንባውን ነፋ። ጭብጨባ ተሰማ። መዶሻው አንድ መታ። ጡሩንባው ደገመ፤ መዶሻውም ደገመ። ያ ቦታ ቀድሞ የበቃው ነበር። ባቡሩ በነፋ ቁጥር ግን እጁ አላርፍ አለው።

ላሜራ ከልክ በላይ ከተመታ ይለጠጣል። ከተለጠጠ ደግሞ ቦታው አይበቃውም፤ ወይ ወደ ውጭ ይነፋል፣ ወይ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ሲጫኑት እንደ ቆርቆሮ ክዳን "ቷ" ይላል። መዶሻው በአውራ ጣቱ ተጫነው። "ቷ" አለ። ግራ ቀኝ አየና ስቱኮ በጠበጠ። ወፈር አድርጎ ለቀለቀው፣ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሰው፣ ቀለም ቀቢው መሠረት ቀለም ነፋበት። ለዓይን እንከን የለውም።

የምርመራው ዕለት ምስማር በዋናው በር ገባ። ሰማያዊ ኮት፣ ያ ሱሪ፣ ያ መስመር። ጓደኞቹን አንድ በአንድ ሰላም ካለ በኋላ ከኪሱ ስስ ጨርቅ አወጣና መዳፉ ላይ አነጠፈ። ጨርቅ ካለ እጅ በላሜራው ላይ ያለምንም መያዝ ይንሸራተታል፣ ትንሿም ሞገድ ትታወቃለች። ያስተማረው መዶሻው ነው። ጨርቁንም አወቀው፤ የድሮው ነው።

"ባቡሩ ቤት አዲስ ጨርቅ የለም እንዴ?" አለ።

"ሞልቷል ጋሼ። ይሄ ይሻለኛል።"

ምስማር ዓይኑን ጨፍኖ ከፊት በር ጀመረ። ቀስ እያለ ወደ ኋላ ሄደ። መዶሻው ከጎኑ እየተራመደ ፊቱን ያነባል። ቢያሳልፋት አዝኖልኝ ነው፣ ባያሳልፋት ጠግቦብኝ ነው እያለ በሆዱ ያሰላል፤ ከሁለቱ የትኛው እንደሚብስ አልለይህ ብሎታል።

ከኋላ ጎማው በላይ ሲደርስ ጨርቁ ቆመ። ምስማር ዓይኑን ገለጠ። በጣቱ አንጓ መታ አደረገ። ሌላው ጎን የብረት ድምፅ ሲሰጥ እዚህ ግን የግድግዳ ድምፅ ሰጠ። ወደ መዶሻው ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ጋሼ፣ እዚህ ማን ደገፈልህ?"

"ክሪኩ።"

"ስቱኮው አንድ ጣት ይሆናል። አሮጊቷ ጉድጓድ ላይ ስትነጥር ይሰነጠቃል፣ ሥዕሉንም ይዞት ይወርዳል። እንዲህ ሆና አላሳልፋትም።"

"እንግዲያው አታሳልፋት።"

"ጋሼ።"

"ምን ጋሼ ትለኛለህ። ደመወዝህን የሚከፍልህ መንግሥት ነው፤ ሥራህን ሥራ።"

ምስማር አልሄደም። ኃላፊው ከሩቅ አንገቱን አሰገገ። አጣቢዎቹ ቱቦውን ዘግተው ቆመዋል። መዶሻው እነሱን አየ፣ እግራቸው ሥር የተኛውን ኩሬ አየ፣ ቀጥሎ የራሱን የመሣሪያ ጠረጴዛ አየ። ልጁ ልክ ነው። ስቱኮውን ሲለቀልቀው ጀምሮ ልክ እንደሚሆን ያውቅ ነበር፤ ያበሳጨውም ይኸው ነው። ስሕተቱን ሌላ ሰው ቢያገኝበት እንዲህ ባላመመው፤ ያገኘው ግን የራሱ መዳፍ ነው፣ ሰማያዊ እጅጌ ለብሶ።

ቢላዋውን አንስቶ ስቱኮውን መፋቅ ጀመረ። ላሜራው እስኪታይ ፋቀ። ከዚያ ሳይዞር "ያን ኮት አውልቀው" አለ።

"እ?"

"አውልቀውና ግባ። እህትህ ለስንት ጊዜ ትተኩሰዋለች?"

ምስማር ኮቱን አወለቀ። ገልብጦ፣ ሽፋኑን ወደ ውጭ አድርጎ፣ በሥርዓት አጥፎ ወንበር ላይ አኖረው። መዶሻው በአስተጣጠፉም ቀና። ልጁ አውቶቡሱ ውስጥ ገባ፤ በዚያ ሱሪ ሲንበረከክ ድምፁ ተሰማ። መዶሻው የኦክስጅኑን እሳት ለኩሶ የተለጠጠውን ቦታ ቀይ ነጥብ እስኪሆን አሞቀው፣ መታ መታ አደረገው፣ እርጥብ ጨርቅ ለጠፈበት። ላሜራው ጢሱን ለቆ ተሰበሰበ። ትንሽ እልፍ ብሎ ሌላ ነጥብ። ከውስጥ ብረቱ መዶሻውን እየተከተለ፣ ሳይነገረው፣ መዶሻው ከሚያርፍበት ቀድሞ እየደረሰ ደገፈው።

ከውስጥ የድሮው ድምፅ መጣ። "ቀና?"

መዶሻው አፉን ሳይከፍት ቀለም ቀቢው ከመሰላሉ ላይ መለሰለት።

"እሱማ ከቀና ቆየ!"

ጋራዡ በሳቅ ተናጋ። ኃላፊው ሳይቀር ሳቁን ለመደበቅ ዞር ብሎ ሳለ። ከውስጥም ምስማር አፉን አፍኖ ሲታገል የአሮጊቷ ጎን ይንቀጠቀጣል። መዶሻው መዶሻውን እንደያዘ ቆመ፤ ጆሮው ቀልቷል። ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀ። ከዚያ ጨርቁን መዳፉ ላይ አነጠፈና ዓይኑን ጨፍኖ ዳበሰ።

"አልቀናም" አለ ድምፁን ከፍ አድርጎ። "ትንሽ ወደ ጎማው አምጣው። በደንብ ያዝ።"

አሮጊቷ ከሰዓት በኋላ አለፈች። ምስማር ኮቱን ከመልበሱ በፊት ጉልበቱን አራገፈ፤ የዘይት እድፉ ግን እዚያው ቀረ። በሳምንቱ ተለጣፊው መጣ። አሮጊቷ በጎኗ ባቡር ይዛ ጣቢያው በር ላይ ስትቆም እውነተኛው ባቡር በአጠገቧ እልም ብሎ አለፈ። የቦዲ ክፍሉ አልተዘጋም፤ ጣሪያውም እንዳፈሰሰ ነው።

በምርመራው ማታ ሚስቱ እድፉን አይታ "ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?" አለች።

"ባልሽን ጠይቂው" አለ ምስማር።

መዶሻው መልስ በመስጠት ፈንታ ወደ ጓዳ ገባ፣ አጥቦ ያደረቀውን ቱታውን ይዞ መጣና በጠረጴዛው ላይ፣ በሰማያዊው ሱሪ አጠገብ አስቀመጠው።

"ይሄንንም ተኩሺልኝ።"

"ቱታ ይተኮሳል እንዴ፣ አንተ ሰው?"

"ታጥቧል። ይተኮሳል።"

አየችው፣ ወንድሟንም አየችው፣ ከዚያ ካውያውን ወደ ቱታው አዞረችው። ጨርቁ ወፍራም ስለሆነ ብዙ ታገለች። በማግስቱ ጠዋት ሁለቱ ባለ መስመር ሱሪ ሰዎች ጎን ለጎን ወደ ሥራ ወጡ። መንገድ ላይ መዶሻው ሁለት ሦስት ጊዜ ጎንበስ ብሎ ወደ ምስማር እግር አየ።

የልጁ መስመር ይበልጥ ቀጥ ያለ ነበር።