እናቴን ሳልጠይቅ የቆረጥኩት እንሰት

ባለፈው ሰኞ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ጋብ ብሎ የሆሳዕና ባጃጆች የመንገዱን ኩሬ እየረጩ ሲያልፉ ልጄ ኤርሚያስ ደወለልኝ። ኤርሚያስ ዱራሜ የሚሠራ፣ ትዳር የያዘ፣ ለወላጆቹ የሚያስብ ልጅ ነው። ጉዳዩን ሳያንዛዛ ነገረኝ።

«አባዬ፣ የዶዮገናውን እንሰት አንስተን ጓሮውን ባህር ዛፍ እንትከልበት። እንሰት ሰው ይፈልጋል፤ ባህር ዛፍ ራሱን ይችላል። እማዬም ገጠር ልግባ ማለቷን ትተዋለች። እንሰቱ ከሌለ እዚያ ምን አላት?»

«ማን ሞተ?» አልኩት።

«ምን አልክ አባዬ? አልሰማሁህም።»

«ማን ሞተ ነው የምልህ።»

«ኧረ ማንም አልሞተም። ኔትወርኩ ነው መሰለኝ፣ ቆይቼ ልደውልልህ» ብሎ ዘጋው።

ኔትወርኩ ደህና ነበር። ጥያቄው ግን የእኔ አልነበረም፤ የእናቴ ነው። ለልጆቼ ነግሬያቸው አላውቅም። አያታችሁ ሆሳዕና አልስማማ ስላላት ገጠሯ ተመለሰች ብቻ ነበር የምላቸው። ያ ውሸት አይደለም፤ ግን ግማሽ ነው። ልጆቼን ግማሽ እውነት በተናገሩ ቁጥር እቀጣቸው ነበር።

ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። አባቴ ካረፈ ሦስት ዓመት ሆኖታል። እኔ፣ እናቴና አዲሷ ሙሽራዬ አስቴር ከዶዮገና ገበያ የአንድ ሰዓት መንገድ ገባ ብሎ ባለው ቤታችን እንኖር ነበር። እናታችንን እንደ አገራችን ወግ «አማ» ነው የምንላት። ትምህርት ቤት የገባሁት ለሁለት ዓመት ያህል ብቻ ነው። ፊደል የለየሁት ከአባቴ መጽሐፍ ቅዱስ ነው፤ አንዱን ምዕራፍ አሥር ጊዜ እየገለበጥኩ ጽሕፈት ተማርኩ። ይህ ጥሩ ነገር ነበር። ክፉው ነገር፣ ማንበብ የማይችል ሰው ሁሉ ምንም የማያውቅ መስሎ እየታየኝ መምጣቱ ነበር። አማ ማንበብ አትችልም።

በዚያ ዓመት የእናቴ ወንድም ሆሳዕና በአንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ረዳትነት ሥራ አገኘልኝ። ደስታ እንቅልፍ ነሳኝ። ሆሳዕናን ሁለት ጊዜ አይቻታለሁ፤ የማልረሳው በየመስኮቱ የሚታየውን መብራትና ወረቀት በብብታቸው ይዘው የሚሄዱትን ሰዎች ነው። የገጠሩ ጭቃ፣ የከብቱ እበት፣ ጠዋት ጠዋት ከኮባው ላይ አንገቴ ውስጥ የሚንጠባጠበው ጤዛ ሁሉ አስጠላኝ። ሆኖም አማን ጥዬ መሄድ አልችልም። ብቸኛ ወንድ ልጇ ነኝ። እናቱን ለጎረቤት ትቶ ከተማ ገባ መባልን ፈራሁ፤ እውነቱን ለመናገር ከእሷ መቸገር ይልቅ የፈራሁት መባሉን ነው።

«አማ፣ አብረን እንሂድ» አልኳት።

«እንሰቴ ቆሞ እኔ የት እሄዳለሁ?» አለች።

ሌላ ቀን ደግሜ ለመንኳት፤ መልሷ ያው ነበር። እኔም ያንን መልስ እንደ ሒሳብ አሰብኩት። እንሰቱ ስለቆመ አትሄድም፤ ካልቆመ ትሄዳለች።

እንሰት የማያውቅ አንባቢ ቢኖር ጥቂት ልንገረው። እንሰት ተተክሎ እስኪበላ አምስት ስድስት ዓመት ይፈጃል፤ በመካከሉ ከቦታ ቦታ እየተነቀለ ይተከላል፣ እበት ይለብሳል። ወንድ ይቆፍራል፣ ይተክላል። የትኛው ደርሷል፣ የትኛው ይቆይ የምትለው ግን ሴቷ ናት። በእኛ ዘንድ ወንድ ያለ ሴት ቃል እንሰት አይቆርጥም፤ ሴቶች ግንዱን ለቆጮ ሲፍቁም ወንድ አጠገባቸው አይቆምም። አማ በጓሯችን ያለውን እያንዳንዱን እንሰት በዓይነቱ ስም ትጠራው ነበር። ይህን ለሆድ ሕመም፣ ያን ለወላድ፣ ያንን ለእንግዳ ትለያለች። እኔ ግን ሁሉም አረንጓዴ ነበር የሚመስለኝ።

በበልግ ማብቂያ ላይ የአማ እህት ባሏ ሞተባትና አማ ለለቅሶ ዳምቦያ ሄደች። ለአራት ቀን። በማግስቱ ገጀራና ዶማ አነሣሁ።

አስቴር በሩ ላይ ቆማ አየችኝ። «አማ ሳትመጣ?» አለች።

«የዚህ ቤት ወንድ ማነው?» አልኳት።

ዝም አለች። የሚፍቁ ሴቶች ጥሪ አልኳት፤ ሄዳ ጠራች። ጎረቤቶቻችን አማ አዝዛ የሄደች መስሏቸው የቀርከሃ መፋቂያቸውን ይዘው መጡ። እኔ እየቆረጥኩ ቆየሁ፤ እነሱ ሥራ ሲጀምሩ እንደ ወጉ ከቤቱ ጀርባ ሄድኩ። የፍቂያው ድምፅ ይሰማኛል፤ ሽው ሽው የሚል፣ ከልጅነቴ የማውቀው ድምፅ። ድንገት ቆመ።

«አስቴር፣ ይሄኮ ገና ልጅ ነው» የሚል የአበበች ድምፅ ሰማሁ። አበበች የድንበር ጎረቤታችን፣ የአማ የልብ ጓደኛ ናት። «ያኛውም ልጅ ነው። ኧረ ይሄ የአምና ተክል ነው! አማትሽ ናት ይህን ያዘዘችው?»

አስቴር የመለሰችው አልተሰማኝም። መፋቂያዎቹ ሲቀመጡ ግን ሰማሁ። ብቅ ስል ሴቶቹ ነጠላቸውን እያጣፉ ይሄዱ ነበር። አበበች በአጠገቤ ስታልፍ «መጽሐፍህ ላይ እንዲህ ይላል?» አለችኝ። ቢሆንም አልቆምኩም። ጀምሬው ነበርና፣ የጀመረውን አለመተው ጀግንነት መስሎኝ፣ በማግስቱ የቀረውን ጨረስኩት። አንድም አልተረፈም።

አማ በአራተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ በካፊያ መጣች። ከአጥሩ መግቢያ ላይ ቀጥ አለች። ከእንሰቱ ጀርባ ያለውን የአበበችን ቤት ከዚያ ቦታ አይታው አታውቅም ነበር፤ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ በሩ ሳይቀር ታያት። በእኛ አገር ያን ያህል እንሰት በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ለትልቅ ለቅሶ ነው፤ ለቀስተኛ ለማብላት። ከአንድ ለቅሶ እየተመለሰች ሌላ የመጣባት መሰላት። መቀነቷን አጥብቃ ያዘችና ጠየቀችኝ።

«ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም፣ አማ» አልኳት።

ዓይኗን ከጓሮው ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ ገጀራው አዞረች። አልጮኸችም። አልረገመችኝም። ብትረግመኝ ኖሮ ቀላል ነበር። ገብታ ከምድጃው አጠገብ ተቀመጠች። ከተቆረጠው የደረሰው ጥቂቱ ቆጮ ሆነ። ገና ልጅ የነበረው ሁሉ ውሃ ሆኖ በተቀበረበት ጉድጓድ ውስጥ ሸተተ።

እንሰቷ ስለሌለ አማም ተከተለችን፤ ሆሳዕና ገባን። አንድ ክፍል፣ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ ጠባብ ግቢ። ለእኔ ሰማይ ነበር። ጠዋት ሸሚዜን ቆልፌ መሥሪያ ቤት ስሄድ ራሴን ሰው ሆኖ አየዋለሁ። አማ ግን ግድግዳውን ተደግፋ ትውላለች። ከገበያ የተገዛ ቆጮ ስናቀርብላት አሽትታ «የማን እጅ ነው?» ትላለች፤ ማንነቱን የሚያውቅ የለም። አንድ ቀን አበበች ሰጥታት ከገጠር በነጠላዋ ጠቅልላ ያመጣችውን አንዲት የእንሰት ችግኝ ግቢው ጥግ ላይ ተከለች። አከራያችን «ግቢዬን ጫካ አታድርጉብኝ» ብላ ነቀለችው። አማ ችግኙን አንሥታ ሥሩን በእርጥብ ጨርቅ ጠቀለለችው። ሳምንት ሳይሞላ፣ ወደ ሥራ ልሄድ ስነሣ፣ ጨርቁን በብብቷ ይዛ በር ላይ ቆማ አገኘኋት።

እስከ መናኸሪያ ተከተልኳት።

«አማ፣ ሄደሽ ምን ልትበዪ ነው?»

«የጎረቤት።»

«እስከ መቼ?»

«እስኪደርስልኝ።»

«ስድስት ዓመት ነው እኮ!»

«አውቃለሁ» አለች። «ያላወቅከው አንተ ነህ።»

መኪናው እስኪሞላ ጠበቅን። በዚያች ሰዓት ልሳፈር እችል ነበር። ዶማ የሚያነሣ ክንድ ነበረኝ። የመሥሪያ ቤቱ መግቢያ ሰዓት ግን ደረሰ፤ ገና የሙከራ ጊዜዬን አልጨረስኩም። «በመሳላ እመጣለሁ» አልኳት፤ የዘመን መለወጫ በዓላችን ነው። ራሷን ነቀነቀች። ወደ ሥራዬ ሮጥኩ፤ አላረፈድኩም። ያን ቀን አለማርፈዴን ሳስታውስ እስከ ዛሬ ያመኛል።

ቃሌን ጠብቄ በየመሳላው ሄድኩ፤ በዓመት አንዴ። አበበችና ሌሎቹ ሴቶች ችግኝ ሰጥተዋታል፤ ከሰው በረት እበት በእንቅብ ተሸክማ ታለብሳለች። በየዓመቱ ከሳች፣ በየዓመቱ እንሰቱ ከፍ አለ። መጀመሪያ ጉልበቴ፣ ቀጥሎ ወገቤ፣ ቀጥሎ ትከሻዬ ደረሰ። በመካከሉ እየመራች ታሳየኝ ነበር፤ አንድም ቀን ያለፈውን አላነሣችም። «ይሄ ለአስቴር ነው፣ ስትወልድ» ትላለች።

በአራተኛው ክረምት ሳምባዋን ታመመች ተባለ። ስደርስ አርፋ ተከድናለች። ለቀስተኛው መጣ፤ ለቀስተኛ ደግሞ ይበላል። ከእኛ ጓሮ አንድም የደረሰ አልነበረም። አበበች ከራሷ ሦስት አስቆረጠች፣ ሌሎቹም እንዲሁ። በእናቴ ለቅሶ የጎረቤት ቆጮ በላሁ። ማንም ምንም አላለኝም፤ እኛ ዘንድ ለሐዘንተኛ ክፉ አይነገርም።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ጎረቤቶች እያዩልን፣ እንሰቱ ደረሰ። አስቴር ኤርሚያስን ወልዳ ነበር። ጓሮው ገብታ አንዱን በመዳፏ መታ መታ አድርጋ «ይሄ» አለች። ቆረጥኩ። ቡላው ነጭ ነበር፤ በቅቤና በወተት ሠርታ አቀረበችልኝ። ጣፋጭ ነበር። ሁሉንም በላሁት። እናቴ ያልቀመሰችውን በላሁ።

አሁን መጨረሻውን በሐቅ መናገር አለብኝ። ይህን ሁሉ አውቄም ከተማን አልጠላሁም። ስልሳ አልፌ ጉልበቴ ደክሞ አሁንም አስፋልቱን፣ መብራቱን፣ ጠዋት ከጎረቤት የሚሰማውን የሬዲዮ ዜና እወዳለሁ። ሆሳዕና መሞት እፈልጋለሁ። አስቴር ደግሞ አርባ ዓመት ከእኔ ጋር በቆርቆሮ ሥር ኖራ፣ ልጆች አሳድጋ፣ አሁን የቀረኝን ጊዜ ከእንሰቴ ጋር ልሁን ትላለች። ኤርሚያስ ሲደውል ልቤ ውስጥ የመጣውን አልደብቅም፤ ጓሮው ባህር ዛፍ ቢሆን አትሄድብኝም ብዬ አሰብኩ። አንዲት ደቂቃ ያህል ደስ አለኝ። ሰው ከጥፋቱ ይማራል እያልኩ ስንቱን መክሬአለሁ፤ እኔ ራሴ ግን ገጀራውን ለመጨበጥ አንድ ስልክ በቅቶኛል። ከተማን መምረጤ አልነበረም ኃጢአቴ። የሌላውን ሰው መመለሻ መቁረጤ ነው።

ስልኬ ጮክ ብሎ ስለሚያሰማ አስቴር ማዕድ ቤት ሆና ሰምታናለች። እጇን እየጠረገች መጣችና «አንዴ ዝም ብዬሃለሁ» አለችኝ። «ሴቶቹን የጠራሁት እኔ ነኝ። ሁለተኛ አልጠራም።»

ማታውኑ ለኤርሚያስ መልሼ ደወልኩለት። እዚህ የተጻፈውን ሁሉ ነገርኩት። «እሺ አባዬ። አንተስ ብቻህን እንዴት ትሆናለህ?» አለኝ። አላውቅም አልኩት፤ አላውቅምም።

ዛሬ ሐሙስ ነው። የዶዮገናው ሚኒባስ ነገ ጠዋት ይነሣል። አስቴር ብርድ ልብሷንና ድስቶቿን አንድ ላይ ልታስር ወለሉ ላይ ተንበርክካለች። ገመዱ አልጠብቅ ስላላት ጫፉን ያዝልኝ አለችኝ።

ያዝኩላት።