ከካፓ ግድግዳ የወረደው የባቡር ገንዘብ

ሴቫስትያን የትንሿን ክፍል የግድግዳ ወረቀት የገሸለጠ ዕለት ሚስቱ ካፓ ገበያ ነበረች። እኔ ከአጥሩ ወዲህ የድንች መደቤን እየኮተኮትኩ ነው። ድንገት መስኮታቸው ተበረገደና ጸጉሩ በአቧራ የነጣ ሴቫ ብቅ አለ።

«ሊዳ! ኧረ ሊዳ! ነይ እይልኝ፣ ቤታችን ገንዘብ አበቀለ!»

ጠጥቷል ብዬ ነው የሄድኩት። አልጠጣም። ከአበባማው ወረቀት ሥር አሮጌ ጋዜጣ፣ ከጋዜጣው ሥር ደግሞ ጎን ለጎን የተለጠፈ የወረቀት ገንዘብ ነበር። ቢጫ ሆኗል፣ ጫፍ ጫፉን አይጥ ቀምሶታል፤ ግን «የቭላዲካቭካዝ ምድር ባቡር» የሚለው ይነበባል።

«ሀብታም ሆነናል በይኛ» አለኝ ሴቫ።

«መጀመሪያ ዳቦ ቤት ይዘኸው ሂድና እንይህ» አልኩት።

ካፓ ኪያር የሞላ ዘንቢል እንደያዘች ገባች። መጀመሪያ የሁለታችንን ሁኔታ አይታ ሳቀች። ከዚያ ወደ ግድግዳው ተጠጋች፤ ዘንቢሉን ሳታስቀምጥ ብዙ ቆየች።

«ይሄ የአያቴ ደሞዝ ነው» አለች።

ቤቱ የእናቷ ወላጆች ቤት ነበር። አያቷ እዚሁ ቲሖሬትስክ ጣቢያ የፉርጎ መንኮራኩር ቅባት ይቀባ ነበር። ዛሩ ከወረደ በኋላ በመጣው የእርስ በርስ ጦርነት ዘመን ጥሬ ገንዘብ ሲጠፋ የባቡር ኩባንያው የራሱን ወረቀት አሳትሞ ለሠራተኛው ደሞዝ ከፈለ። የጣቢያው ሱቆችም ተቀበሉት። ኋላ ከተማው ከአንዱ ጦር እጅ ወደ ሌላው ሲገላበጥ፣ አንድ ጠዋት ዳቦ ሻጩ «ይሄን ወዲያ ውሰደው» አለ፤ በቃ፣ የወራት ድካም ወረቀት ሆኖ ቀረ። በዚያው ብርድ የካፓ እናት ተወለደች። የጭቃው ግድግዳ ተሰነጣጥቆ ነፋስ ያስገባ ስለነበር ሴት አያቷ ዱቄት በውሃ በጥብጣ ገንዘቡን ሕፃኗ በምትተኛበት በኩል ለጠፈችው። የካፓ እናት በሕይወት ሳለች «እኔ እኮ ገንዘብ ለብሼ ነው ያደግሁት» ስትል ሁላችንም የአሮጊት ቀልድ እንለው ነበር።

«ታዲያ አዲሱን ወረቀት መቼ ልለጥፈው?» አለ ሴቫ። ባለ ትንንሽ ቅጠል ቢጫ ወረቀት ገዝቶ ጥቅልሉን ጥግ ላይ አቁሞታል።

«ወደ ቁም ሳጥኑ መልሰው።»

«እስከ መቼ?»

«እኔ እስክል ድረስ።»

ካፓ ዕድሜዋን ሙሉ በረጅም መንገድ ባቡር ላይ የመኝታ ፉርጎ አስተናጋጅ ሆና የኖረች ሴት ናት። ጡረታ ከወጣች ወዲህ እጆቿ ሥራ ፈትተው ይቁነጠነጡ ነበር። አሁን ሥራ አገኙ። የመጀመሪያውን ኖት በማንቆርቆሪያ እንፋሎት አላቃለሁ ብላ ለሁለት ቀደደችው። ያን ዕለት እራትም አልበላች። በማግስቱ እሑድ ቅዳጁን መጽሐፍ ውስጥ አስገብታ፣ በጠዋቱ ባቡር ሮስቶቭ ሄደች፤ እዚያ አንድ የባህል አዳራሽ ውስጥ የድሮ ገንዘብ ሰብሳቢዎች ይገናኛሉ።

ያገኘችው ካራፔት ሚናሶቪች የሚባል አርመናዊ ሽማግሌ ነበር። ቅዳጁን በአጉሊ መነጽር አየና በሙሉ ስሟ ጠርቶ መለሰላት።

«ካፒቶሊና ዬጎሮቭና፣ አይዘኑብኝና፣ ሙጫ የነካው ኖት ለሰብሳቢ የሞተ ነው።»

«ለእኔ አልሞተም። ሳልቀደው እንዴት እንደማወርደው ብቻ ይንገሩኝ።»

ሽማግሌው ቀና ብሎ አያት። ከዚያ ወንበር ሳበላት። እንፋሎቱን ይተዉት፣ የዱቄት ማጣበቂያ ከሆነ ለብ ባለ ውሃ የራሰ ጨርቅ ያልብሱትና ይታገሱ፣ ወረቀቱ ራሱ ልልቀቅ ሲል ያኔ ብቻ ይንኩት አላት። ስትነሳ ባዶ አልበም ሰጣት።

በዚህ ዓይነት ግድግዳው ቀስ በቀስ ተራቆተ። ካፓ ግን ከግድግዳዋ አልፋ ሄደች። በየእሑዱ ከሮስቶቭ ሌላ ነገር ይዛ ትመለስ ጀመር፤ ከወዲያ ከሩቅ ምሥራቅ፣ በቻይና ምድር በሚያልፈው ባቡር የተገበያዩበት ኖት፣ የባቡር ሠራተኞች ሸማቾች ማኅበር የዳቦና የሻይ ኩፖን። አዲስ መሳይ፣ ያልታጠፈ ኖት ሲያቀርቡላት ትመልሰው ነበር። የታጠፈ፣ የወዛ፣ በመርፌ የተሰፋ ነው የምትፈልገው።

«ማንም ኪስ ውስጥ ያልገባ ገንዘብ ምን ያጫውተኛል?» ትለኛለች።

ሴቫ በበኩሉ በቀልድ አላስቀመጣትም። «ሰው ገንዘብ ሲያገኝ ይበላበታል፣ የእኔ ሚስት ታጥበዋለች፣ ታደርቀዋለች፣ አልጋ ላይ ታስተኛዋለች። እኔን እንኳ እንዲህ አድርጋኝ አታውቅ!»

«አንተማ ለብ ባለ ውሃ አትለቅም» ትለዋለች።

በሦስተኛው ዓመት፣ በረዶው መቅለጥ ሲጀምር፣ ካፓን ስትሮክ መታት። ከሆስፒታል ስትመለስ ቀኝ እጇ አይታዘዝላትም፣ ንግግሯም ተሰባብሯል። አልበሙን እንስጥሽ ስንላት ፊቷን ታዞራለች። ግድግዳው ላይ የቀረው እናቷ ሕፃን ሳለች የተኛችበት ጥግ ብቻ ነበር፤ ሆን ብላ ለመጨረሻ ያቆየችው እሱን ነው።

በዚያው ሰሞን ጣሪያው አፈሰሰ። ለካፓ ሾርባ ይዤ ስገባ ሴቫ ትንሿ ክፍል መሀል እንደ ሐውልት ቆሟል። ውሃው በግድግዳው ላይ እየወረደ የጥጉን ኖቶች ሊነካ ምንም አልቀረውም።

«ሊዳ፣ አንቺ አውርጂው።»

«እኔ መቼ ነክቼው አውቃለሁ?»

«እኔስ? ይሄን ጣት እይው!» ዕድሜውን ሙሉ ብረት ሲበይድ የኖረ ሰው ነው፤ ጣቱ እንደ ካሮት ነው።

ከወዲያኛው ክፍል የወንበር መጎተት ሰማን። ካፓ ናት፤ በግራ እጇ ወንበሯን እየገፋች፣ በር ላይ ደረሰች። አስቀመጥናት። በአገጯ ወደ ጨርቁ ጠቆመች። ሴቫ ለብ ያለ ውሃ አመጣ፣ ጨርቁን ነክሮ ጨመቀ፣ ግድግዳው ላይ አለበሰ።

«ቀ...ስ» አለች።

«ቀስ እያልኩ ነው።»

«ዝ...ም በል።»

ዝም አለ። ሴቫን ያን ያህል ዝም ብሎ አይቼው አላውቅም። ላቡ ከግንባሩ እየወረደ አንዱን ኖት አወረደ፤ በሁለት መዳፉ ተሸክሞ ፎጣ ላይ አሳረፈው። ሌላም ደገመ። እኔ የቆርቆሮ ባልዲ ይዤ ውሃውን እቀበላለሁ። መጨረሻ አካባቢ አንዱ ኖት እጁ ላይ ለሁለት ተቀደደ። ጀርባውን እንደሰጠን ቀረ።

«ቀደድኩት፣ ካፓ» አለ ሳይዞር።

ከኋላችን ሳቅ ሰማን። ከታመመች ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው። «እ...ኔም» አለች፤ «መጀ...መሪያ ጊዜ።»

ሁሉም ሲወርድ ግድግዳው ላይ የደረቀው ማጣበቂያ ብቻ ቀረ። በብሩሽ አልነበረም የተቀባው። የአራት ጣት ፈለግ ከላይ ወደ ታች ይታያል፤ አያቷ በባዶ እጇ ለቅልቃው ኖሯል። ካፓ አስጠጉኝ አለች። ግራ እጇን ፈለጉ ላይ አሳረፈች። የአያቷ እጅ ከእሷ ያነሰ ነበር። ሴቫ ወንበሯን ደግፎ ቆመ፤ ባልዲው ሞልቶ ፈሰሰ።

ጣሪያው ተጠገነ። ካፓም ከዚያ ቀን ወዲህ አልበሟን ጠየቀች። ቀኝ እጇ እንደ ድሮው ባይሆንም ማንኪያ መያዝ ቻለ፤ ንግግሯ ዘገምተኛ ቢሆንም ስድቧ ተመለሰ። በጋ ላይ ሮስቶቭ ካልሄድኩ ስትል ብቻዋን መልቀቅ ስላልተቻለ ሴቫ አልበሙን ተሸክሞ ተከተላት። መጀመሪያ በር ላይ ቆሞ ሲጋራውን ያጨስ ነበር። ኋላ ገባ። አሁን ሻጮቹን የሚከራከረው እሱ ነው፤ ካራፔት ሚናሶቪች «ይህን ሰው ከየት አመጡብን?» ይላታል።

ባለፈው እሑድ እኔም አብሬያቸው ሄጄ ነበር። ስንመለስ ባቡሩ ውስጥ ሴቫ ከደረት ኪሱ ካርቶን አወጣና ጭኗ ላይ አኖረላት። ሳትሰማ የገዛው የሻይ ኩፖን ነው፤ መሀሉ ተቀዶ በክር ተሰፍቷል።

«ይሄን... ቡትቶ... ማን ሸጠልህ?»

«ወደድኩት።»

«አታለሉህ።»

«ክሩን እይው እስቲ፤ አንዷ ሴትዮ ቁጭ ብላ ሰፍታዋለች እኮ።»

ካፓ ክሩን አየች። ሆኖም እስከ ኩሽቾቭስካያ ጣቢያ ድረስ ወቀሰችው፤ ሴቫ የተቀቀለ እንቁላል እየላጠ ሰማት። ከዚያ ደከማትና ካርቶኑን በግራ እጇ እንደያዘች ትከሻው ላይ ተኛች። እንቁላሉን ለመብላት እንኳ ክንዱን አላንቀሳቀሰም፤ ለእኔ ሰጠኝ። ቲሖሬትስክ ስንደርስም ሊቀሰቅሳት አልፈለገም። ባቡሩ ሊነሳ ሲል እኔ ነኝ ጉልበቷን የነካሁት።