በወንድሜ ልክ የተሰፋ ኮት

ወንድም ጋሼ ልብስ ሰፊ ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ፣ አንድ ሕንጻ ምድር ቤት ከደረጃው ሥር በተከራያት ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ አቀርቅሮ ሰፍቷል። ክፍሏ ፀሐይ ስለማታውቅ ጥቁር ክር ከሰማያዊ ለመለየት እንኳ ወደ በሩ መውጣት ነበረበት። ሜትሩ ካንገቱ አይወርድም፤ ምሳውን ሲበላም እንደተንጠለጠለ ነው። ጨርቅ ላይ የሚያሰምረው አልቃ በሳሳች የሳሙና ቁራጭ ነበር። የእጅ መታጠቢያ ሳሙና ቢጠፋ ቢጠፋ ያችን ማንም አይነካትም፤ የነካት ሰው ላይ ቀኑን ሙሉ ሲነጫነጭ ይውላል።

የደንበኛውን ሁሉ ልክ ደብተር ላይ ይጽፋል። የእኔን ግን ጽፎት አያውቅም። በሦስት ዓመት ቢበልጠኝም ቁመናችን አንድ ነበር። እናታችን እንኳ ከኋላ ስታየን እየተምታታባት፣ ለእሱ ያዘጋጀችውን ቁጣ እኔ ላይ ታወርደው ነበር። ስለዚህ የእኔን ልብስ ሲሰፋ ራሱ ላይ ይለካል፣ ራሱ ለብሶ መስታወት ፊት ይዞራል፣ ከዚያ "ለኔ ከሆነ ላንተም ሆነ" ብሎ ጠቅልሎ ይልክልኛል። የምኖረው የግማሽ ቀን መንገድ ርቄ ስለሆነ ይህ አሠራር ተመችቶኝ ነበር። አንድ ቀን እንኳ ጠበበኝ ወይም ላላኝ ብዬ አላውቅም።

አምና የሥራ እድገት አገኘሁና ቢሮ የምለብሰው ኮት እንዲሰፋልኝ ጠየቅሁት። ከእኔ ይልቅ እሱ ተደሰተ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ደወለ።

"ጨርቁን ቆርጬዋለሁ። ግን መጥተህ ብትለካው ይሻላል።"

"ምን ያስመጣኛል? እንደ ወትሮው አንተ ላይ ለካው እንጂ።"

"የኔ ልክ አሁን ላንተ አይሆንም። ተለውጫለሁ።"

ሳቅሁ። ከልቤ ነው የሳቅሁት። "ቦርጭ አወጣሁ በለኛ! ቁጭ ብሎ መዋል ትርፉ ይኸው ነው" አልኩት። እሱም ሳቀ። "እሺ፣ ቦርጭ ነው በለው" አለኝ።

ሁለተኛ ጊዜ ሲደውል ስብሰባ ላይ ነበርኩ። ሦስተኛ ጊዜ "እሑድ ናና አብረን ምሳ እንብላ፣ ናፍቀኸኛል" አለኝ። ወንድም ጋሼ ናፍቀኸኛል የሚል ሰው አልነበረም። ቃሉ ብቻውን ሊያስደነግጠኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ ዛሬ ነገ ስል ከረምኩ። አዲስ አለቃ ነኛ! ወረቀት ላይ መፈረም ከወንድሜ በልጦብኝ ነው።

ማክሰኞ ዕለት ሞተ። ስደርስ ሳጥኑ ተዘግቶ ስለነበር ፊቱን አላየሁትም። ለካስ ወራት ታሞ ኖሯል፤ እኔ ከሥራዬ እንዳልጉላላ ብሎ፣ አትንገሩት እያለ ሰዉን ሁሉ ሲያስምል ነበር።

ከሳምንት በኋላ ዕቃውን ልሰበስብ ወደዚያች ክፍል ሄድኩ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ከፊት ለፊቱ ባለው መኪና ስትሰፋ የኖረችው ሴትዮ ብቻዋን ተቀምጣለች። ስታየኝ አልቅሳ ሲወጣላት ኮቱን ከመስቀያው አወረደችልኝ።

"ያንተ ነው። ከዚህ በኋላ መርፌ አልያዘም" አለችኝ።

ለበስኩት። የእጅጌው ርዝመት ልክ ነበር። ጀርባው ግን ጨምድዶ ያዘኝ፤ ደረቱም አልገጥም አለ። ብጎትተው ብጎትተው በቁልፉና በቁልፉ ቀዳዳ መካከል አንድ ጋት ይቀራል።

"ተሳስቶ ይሆን?" አልኳት።

"ኧረ እሱ መቼ ተሳስቶ ያውቃል? ራስህ ላይ ለካው ብለኸው የለም? እየለበሰ ነው የሰፋው። ጀርባውን በስፒል የያዝኩለት እኔ ነኝ።"

መስታወቱ ፊት እንደቆምኩ ቀረሁ። ወንድሜ ምን ያህል ከስቶ እንደሞተ ማንም አልነገረኝም ነበር። አሁን ደረቴ ላይ አየሁት። ያቺ አንድ ጋት፣ እኔ ዛሬ ነገ ስል በሽታው ከላዩ የወሰደው ሥጋ ነበረች። አፈር በበላኝ!

ሴትዮዋ ኮቱን አውልቃልኝ ገበሩን ገለጥ አደረገች። ሥሩ ታጥፎ የተሰፋ ሰፊ ትርፍ ጨርቅ ነበር።

"አይዞህ፣ 'ምናልባት ከመጣ ፍቺለት፣ እሱ ልኩ እንደ ድሯችን ነው' ብሎኛል። አንድ ሰዓት አይፈጅብኝም" አለችና መቀሷን አነሣች።

ምናልባት ነው ያለው። እንደምመጣ እንኳ እርግጠኛ አልነበረም።

እጇን ያዝኳት። ደብተሩን ቀድሜ አገላብጬው ነበር፤ የሰው ሁሉ ልክ አለ፣ የእሱ ግን የለም። ኮቱ ከተፈታ የእሱ ልክ ከዚህ ዓለም ጠፋ ማለት ነው።

"ተይው" አልኳት።

ኮቱ አሁን ቁም ሳጥኔ ውስጥ ተሰቅሏል። አንዳንድ ጠዋት ወደ ሥራ ከመሄዴ በፊት አወርደውና እለብሰዋለሁ። ትንፋሼን ውጬ፣ ሆዴን ስቤ፣ ልቆልፈው እሞክራለሁ። አይደርስም።