ጥሩምባ የተነፋለት መንገድ

ባለፈው ክረምት እናቴ የእህል ሱቋን ልትዘጋ ነበር። ሱቋ ከሳሊተ ምሕረት ወረድ ብሎ፣ ከአስፋልቱ የሃያ ደቂቃ መንገድ ገባ ብሎ ነው ያለው። ሐምሌ ሲገባ ጤፍ የሚያመጣልን ሹፌር አስፋልቱ ዳር ቆሞ ጭቃውን አየና፣ እዚህ ውስጥ አልገባም ብሎ ጭነቱን ይዞ ወደ መርካቶ ነጎደ። ሰፈርተኛው ያንኑ ጤፍ ከመርካቶ በታክሲና በትከሻ ማምጣት ጀመረ። አቅም ያነሰው በቆሎ ቀላቀለበት፤ እሱም ሲያልቅ በቀን አንዴ በላ። እናቴ ባዶ ጆንያ እያጠፈች፣ በደርግ ጊዜ እህላችንን የሚያስቆመው ኬላ ነበር፣ አሁን ኬላው ተነስቶ ጭቃው ተተካ ትላለች።

እኔ ደብዳቤ ጻፍኩ። እድሩ መንገዱን ድንጋይ እንዲያለብስ የሚጠይቅ፣ ሙሉ ሦስት ገጽ! ስብሰባው ላይም ራሴ አነበብኩት። የእድሩ ዳኛ ጨዋ ሽማግሌ ናቸው፤ እስከ መጨረሻው ሰሙኝና፣ እድር ለቀብር እንጂ ለጤፍ አልተቋቋመም ብለው ወረቀቱን አጥፈው መለሱልኝ። ጽሕፈትሽ ግን ያምራል አሉኝ። ይሄ ነው ይበልጥ ያናደደኝ።

በማግስቱ የእድሩ ጥሩምባ ነፊ ቤት ሄድኩ። የስድስት ልጆች አባት ናቸው፣ የእናቴም ደንበኛ። ልጆቹ ጠዋት ምን እንደበሉ ጠየቅኳቸው። ጥሩምባቸውን ከግድግዳው አውርደው በጋቢያቸው ጫፍ መወልወል ጀመሩ።

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ከአስፋልቱ መታጠፊያው ላይ ቆመው ነፉት። ሰው ሁሉ ነጠላውን ለለቅሶ አዘቅዝቆ ለብሶ፣ ጭቃውን እያቦካ መታጠፊያው ጋ ተሰበሰበ። ማን ሞተ? ማንም አልሞተም። እኔ ብቻ የእናቴን ቦት ጫማ አድርጌ፣ ድንጋይ ታቅፌ ቆሜያለሁ።

ዳኛው ፊታቸው ጠቆረ። "በሞት ትቀልጃለሽ፣ አንቺ ልጅ?"

"አልቀለድኩም ጋሼ። ሬሳ ሲሆን ይሄን ጭቃ በትከሻ ታሻግራላችሁ። የምንበላው ግን አስፋልት ላይ ይቀራል።"

የታቀፍኩትን ድንጋይ ጭቃው ውስጥ ጣልኩት።

አንዲት ጎረቤታችን ለአዲሱ ቤቷ መሠረት ድንጋይ አስከምራ ነበር። አንዴ ከሞቀ አልጋዬ አስወጥታችሁኛል፣ ባዶ እጄን አልገባም ብላ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ሸብ አደረገች፤ ከእኔ ክምር ጀምሩ፣ ኋላ ትተኩልኛላችሁ አለች። ዳኛው ተቆጥተው ሄዱ። ከሰዓት በኋላ አካፋ ይዘው መጡ፤ ለእኔ ግን ሰላምታም አልሰጡኝም።

የባሰውን ጭቃ ድንጋይ አልብሰን ለመጨረስ ሦስት ቅዳሜ ፈጀብን። እድሩም በጉባኤ ይቅርታ እንድጠይቅ ወሰነብኝ። አልጠየቅኩም። እናቴ ለመነችኝ፣ ተቆጣችኝ፤ አሁንም አልጠየቅኩም። ያጠፋሁት ምኑን ነው?

ነሐሴ አጋማሽ ላይ መኪናው እየተንገጫገጨ ሱቃችን በር ድረስ ገባ። ጆንያው ገና ወርዶ ሳያልቅ ዳኛው ከዘራቸውን ይዘው ከተፍ አሉ። እናቴ በድንጋጤ እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገች።

"ይቅርታውስ?" አሉኝ።

ጆንያ ፈታሁና በእፍኜ ዘግኜ አሳየኋቸው።

"ነጭ ጤፍ ልስፈርልዎ ጋሼ፣ ወይስ ሰርገኛ?"

ከዘራቸውን በሩ ላይ አስደገፉ። ከዚያ ከብብታቸው ከረጢት አውጥተው ዘረጉ።